ኮፒውን ተዪው፣ ክላስ ጻፊ

ቆዪ ሚጣዬ፣ አትለጥፊው። ይሄ ቁጥር ብቻ የሚያስገባ ኮድ ክፍያ ፎርሙ ላይ አለ፣ ደረሰኙ ላይም አለ፤ አሁን ደሞ ሦስተኛ ቦታ ልታስገቢው ነው። ነገ አለቃሽ «ሳንቲምም ይግባ» ሲል ሦስቱንም ማረም ይኖርብሻል፣ አንዱን መርሳትሽ ደግሞ አይቀርም።

አዲስ ክላስ ክፈቺና «ብርቦክስ» በይው፤ ከቴክስትቦክስ ይውረስ። ዊንዶውስ ፎርምስ በፈረንጅ 2002 ከወጣ ጀምሮ ይሄ መንገድ ክፍት ነው። መጻፉንም፣ መሰረዙንም፣ በማውስ መምረጡንም ሳትደክሚ ታገኚዋለሽ፤ አንቺ የምትጽፊው ልዩነቱን ብቻ ነው። ኦንኪይፕሬስን ኦቨርራይድ አድርጊ፤ የመጣው ቁጥር ካልሆነ ሃንድልድን ትሩ በይው። ባክስፔስም በዚያው በኩል ስለሚመጣ ኢዝኮንትሮል ብለሽ አሳልፊው፣ አለዚያ ተጠቃሚው የተሳሳተውን ማጥፋት ያቅተዋል።

ቤዙን ጠርተሻል? አየሽ፣ የለም። እዚህ ላይ በደንብ ስሚኝ፣ ምክንያቱም ኮምፓይለሩ ምንም አይልሽም። ኪይፕሬስ ኢቨንቱን የሚያስነሳው ቤዝ.ኦንኪይፕሬስ ነው። እሱን ካልጠራሽ ፎርሙ ላይ ኢቨንቱን የሚጠብቅ ኮድ ሁሉ ዝም ይላል። ባልደረባሽ ጥፋቱ አንቺ ጋ ሆኖ ሳለ የራሱን ኮድ ሲመረምር ይውላል። ኦንቴክስትቼንጅድም፣ ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው፤ በኦን የሚጀምር ነገር ኦቨርራይድ ባደረግሽ ቁጥር መጀመሪያ ቤዙን ጥሪ፣ ከዚያ የራስሽን ጨምሪ።

ተጠቃሚው በቀኝ ክሊክ ፔስት ቢያደርግስ? ኪይፕሬስ አይነሳም፣ «ሁለት ሺህ» የሚል ጽሑፍ ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ ኦንቫሊዴቲንግ ላይም አጣሪ።

መልኩን ልቀይር ካልሽ ግን ውርስ ሁሌም መፍትሔ አይደለም። ባተን ላይ ኦንፔይንትን ኦቨርራይድ ብታደርጊ ይታዘዝሻል። ቴክስትቦክስን ግን የሚስለው ራሱ ዊንዶውስ ስለሆነ ኦንፔይንትሽን እንዲሁ የሚጠራው የለም። ቀይ ጠርዝ ብቻ ከሆነ የፈለግሽው፣ የቴክስትቦክሱን ቦርደር አጥፊና ቀይ ፓነል ውስጥ አስቀምጪው፤ የቴክስትቦክሱን ዶክ ፊል፣ የፓነሉን ፓዲንግ 1 ፒክስል አድርጊ፣ በቃ።

ኮንስትራክተሩ ውስጥ ደሞ ዳታቤዝ እንዳትከፍቺ። ቪዥዋል ስቱዲዮ ብርቦክስ ያለበትን ፎርም ዲዛይነር ላይ ሲከፍት ኮንስትራክተርሽን ያስኬደዋል፤ ሰርቨሩ ከሌለ ፎርሙ ቀርቶ ኤረር ነው የምታዪው።

በይ ቢልድ አድርጊው፣ ቱልቦክስ ላይ ይወጣልሻል። ከደረሰኙ ጀምሪ፤ ገንዘብ ያዦቹ ቀኑን ሙሉ የሚጽፉት እዚያ ላይ ነው።