ያስነጠሰን ማን ነው?

አቧራ ሲነሳ አንዳንዶቻችን ምንም አንሆንም፤ ሌሎቻችንን ግን ማስነጠሱና የዓይን ማሳከኩ መከራ ያሳየናል። "አለርጂ አለብኝ" እንላለን። ለመሆኑ ምን ማለት ነው?

አለርጂ የሰውነት መከላከያ ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ሲቆጥረው የሚመጣ ነው። መጀመሪያ ፀረ-እንግዳ አካል ያዘጋጅበታል። አቧራው ዳግም ሲገባ ማስት ሴል የተባሉት ህዋሳት ያጠራቀሙትን ሂስታሚን ይለቃሉ። ሂስታሚን የደም ስሮችን ያሰፋል፣ ፈሳሽ ያስወጣል፣ ነርቮችን ይነካካል። እብጠቱም ማሳከኩም ከዚህ ይመጣል።

አንቲሂስታሚን ሂስታሚንን አያጠፋውም፤ የሚቀመጥበትን ወንበር ቀድሞ ይይዝበታል እንጂ። ስለዚህ መድኃኒቱ ከአቧራው በፊት ሲወሰድ የተሻለ ይሠራል። የመጀመሪያው ውህድ እ.ኤ.አ. በ1937 በዳንኤል ቦቬና በአን-ማሪ ስቶብ ፓሪስ ውስጥ ተገኘ፤ መርዛማ ስለነበር ለሰው አልሆነም። ለሰው የሚሆነው በ1940ዎቹ መጣ።

እንቅልፉስ? ሂስታሚን አንጎልን ንቁ አድርጎ ይይዛል። እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉት የቆዩ መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ ስለሚገቡ ያፈዛሉ፤ ውጦ መኪና መንዳት አደጋ ነው። ሎራታዲን ግን ብዙም አያስተኛም።

አንድ ነገር እንዳንረሳ፦ ትንፋሽ ካጠረ፣ ምላስና ጉሮሮ ካበጠ ክኒን መዋጥ አይበቃም። ሕይወት የሚያድነው የአድሬናሊን መርፌ ነው። "ትንሽ ቆይቶ ይተወዋል" ሳንል በሽተኛውን ቶሎ ሆስፒታል እናድርስ።