ሻንሲ አልባው ባለሁለት ፎቅ አውቶቡስ፦ የጊልፎርድ ሙከራና የስበት ማዕከል

የባለሁለት ፎቅ አውቶቡስ ቁመት ከታች ወደ ላይ የሚደመር ሂሳብ ነው። ሞተሩ ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማዎችን የሚያሽከረክር ከሆነ፣ ኃይል አስተላላፊው ዘንግ ከታች ያልፋል፤ ከዘንጉ በላይ ሻንሲው፣ ከሻንሲው በላይ ወለሉ፣ ከዚያም ሰው ሊቆምባቸው የሚገቡ ሁለት ፎቆች ይከተላሉ። ድምሩ 4.4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የባቡር ድልድዮች ዝቅ ብለው በተሠሩባቸው የብሪታንያ መንገዶች ይህ ቁመት ትልቅ እንቅፋት ነበር።

ሌይላንድ የተባለው ፋብሪካ በ1927 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መፍትሔ የላይኛውን ፎቅ መተላለፊያ ወደ አንድ ጎን ወስዶ ዝቅ ማድረግ ነበር። ድልድዩን ለማለፍ በቅቷል፤ ሆኖም ከሥሩ የተቀመጠው መንገደኛ ሲነሣ ራሱን ይመታል፤ ከላይ በረድፉ ጥግ የተቀመጠውም ለመውረድ ሦስት ሰዎችን ማስነሣት ይኖርበታል።

በሃይ ዊኮምብ ከተማ የነበረው አነስተኛው የጊልፎርድ ፋብሪካ ሂሳቡን ከሥሩ ለመለወጥ ተነሣ። በ1931 እ.ኤ.አ. በለንደን ኦሊምፒያ አዳራሽ ያሳየው አውቶቡስ የሚነዳው በፊት ጎማዎቹ ነበር፤ ስለዚህ ከወለሉ በታች የሚያልፍ ዘንግ አላስፈለገውም። የተለየ ሻንሲም አልነበረውም። ቁመቱ 3.94 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በሁለቱም ፎቆች መተላለፊያው መሐል ለመሐል ነበር።

ያለ ሻንሲ እንዴት ጸንቶ ይቆማል? የአንድ አግዳሚ ለመጉበጥ ያለው እንቢታ ከከፍታው ኩብ ጋር ያድጋል፤ ከፍታው እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሻንሲ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ የአካሉ ግድግዳ ግን ከሜትር በላይ ነው። ግድግዳው ጭነቱን እንዲሸከም ከተደረገ ሻንሲው ትርፍ ክብደት ይሆናል።

አሁን ወደ መረጋጋት እንለፍ። የብሪታንያ ሕግ የላይኛው ፎቅ ብቻ ተጭኖ አውቶቡሱ 28 ዲግሪ ሲያዘነብል እንዳይገለበጥ ያዛል። ለምሳሌ ያህል የራሳችንን ቁጥሮች እንውሰድ፦ ባዶው አውቶቡስ 5,500 ኪሎግራም፣ በላይኛው ፎቅ 28 ሰዎች እያንዳንዳቸው 65 ኪሎግራም፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ 0.95 ሜትር። የባዶው አውቶቡስ የስበት ማዕከል በ1.2 ሜትር፣ የመንገደኞቹ በ3 ሜትር ከፍታ ቢሆን፣ የጋራው 1.65 ሜትር ይሆናል። የመገልበጫው አንግል ታንጀንት 0.95 ለ1.65 ሲካፈል ነው፤ አንግሉም 30 ዲግሪ። ከፍታዎቹን ወደ 1 ሜትርና 2.5 ሜትር ብናወርዳቸው አንግሉ 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ባሌስትራዎቹ ወደሚያዘነብለው ጎን ስለሚጎብጡ እውነተኛው አንግል ከዚህ ያንሳል፤ ስለዚህ አምስቱ ዲግሪ ቀላል ትርፍ አይደለም።

የፊት ጎማ መንዳት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከሙሉ ክብደቱ 40 በመቶው በፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል እንበል። አሥር በመቶ በሆነ ዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚዛወረው ክብደት ሦስት በመቶ ያህል ነው፤ ብዙ አይደለም። ይሁንና በእርጥብ የድንጋይ ንጣፍ ላይ የሰበቃው መጠን 0.2 ቢሆን፣ የፊት ጎማዎቹ የሚያገኙት ከክብደቱ 7.4 በመቶ ብቻ ነው፤ ዳገቱ ግን 10 በመቶ ይጠይቃል። ጎማዎቹ በከንቱ ይሽከረከራሉ። የኋላ ጎማዎች ቢነዱ 12.6 በመቶ ያገኙ ነበር።

ሞተሩም እንደ አውቶቡሱ ያልተለመደ ነበር፤ በአንድ ሲሊንደር ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት የሚገፉበት የዩንከርስ ዓይነት። በእኛ አመለካከት ይህ ለአንድ አነስተኛ ፋብሪካ ብዙ አዲስ ነገርን በአንድ ጊዜ መሸከም ነበር።

አውቶቡሱ ገዢ አላገኘም፤ በ1932 እ.ኤ.አ. ወደ ትሮሊባስ ተለውጦ በዎልቨርሃምፕተን ተሞከረ። የፋብሪካው ደንበኞች የነበሩት ትናንሽ የአውቶቡስ ባለቤቶች ከ1930ው የመንገድ ትራፊክ ሕግ በኋላ በትላልቆቹ እየተጠቀለሉ ሄዱ፤ በለንደንም የ1933ቱ የትራንስፖርት ቦርድ ብዙዎቹን ወረሰ። ጊልፎርድ በ1935 እ.ኤ.አ. ተዘጋ።

ዝቅ ያለ ወለል የመሥራቱ ችግር ግን አልቀረም። ብሪስቶል የተባለው ፋብሪካ በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳየው ሎዴካ የኋላ መንዳትን ሳይተው ዘንጉን ወደ ጎን አድርጎ፣ የኋላውን አክስል መሐሉ ላይ ዝቅ አድርጎ ሠራው። ከ5,000 በላይ ተመረቱ።

ለአንባብያን ጥያቄ፦ ከላይ በሰጠናቸው ቁጥሮች ላይ በታችኛው ፎቅ 28 ሰዎችን ጨምሩ፤ የስበት ማዕከላቸውን ከፍታ ራሳችሁ ገምቱ። አንግሉ ስንት ይሆናል? የሕጉ ፈተና የታችኛውን ፎቅ ባዶ የሚተወውስ ለምንድን ነው?