ሲቲ ስካን የማያሳየው የጭንቅላት ጉዳት፦ የአንጎል ልገሳ ለምን ያስፈልጋል?



አንድ ልጅ ኳስ ሲጫወት ከሌላው ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭቶ ወደቀ እንበል። ትንሽ ፈዘዝ ብሎ ተነሳ። ዳር የቆመው ሁሉ «ምንም አልሆነም፣ ግባ!» ይለዋል። ሐኪም ቤት ሄዶ ሲቲ ስካን ቢነሳም ውጤቱ «ኖርማል» ሊሆን ይችላል። ታዲያ አንጎሉ አልተጎዳም ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ሲቲ ስካን የደም መፍሰስንና የአጥንት ስብራትን በደንብ ያሳያል። ኮንከሽን ወይም የአንጎል መናወጥ ግን የነርቭ ሴሎች ሥራ መታወክ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ በምስል አይታይም።

ምቱ ለዓመታት ሲደጋገምስ?

እዚህ ላይ ሲቲኢ የሚባል በሽታ ይመጣል። ታው የተባለው ፕሮቲን በጤነኛ ሴል ውስጥ የነርቩን ቅርጽ ደግፎ ይይዛል። በሲቲኢ ግን ፕሮቲኑ ይበላሽና በደቃቅ የደም ሥሮች ዙሪያ ይከማቻል። ሰውየው መርሳት፣ ቶሎ መቆጣት፣ መደበትና ግራ መጋባት ሊያሳይ ይችላል። ችግሩ እስካሁን በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሰውየው ከሞተ በኋላ አንጎሉ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብቻ መሆኑ ነው።

ታሪኩን የቀየሩ ሁለት ሰዎች

ማይክ ዌብስተር በፒትስበርግ ስቲለርስ የታወቀ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነበር። ጨዋታ ካቆመ በኋላ አእምሮው ታወከ፣ መኪናው ውስጥ እስከ ማደርም ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2002 በ50 ዓመቱ ሲሞት አስከሬኑን የመረመረው ናይጄሪያ ተወልዶ ያደገው ፓቶሎጂስት ዶ/ር ቤኔት ኦማሉ ነው። አንጎሉ በዓይን ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። ኦማሉ ግን አልተወውም፤ በራሱ ወጪ ጭምር አስመርምሮ የታው ክምችቱን አገኘ፣ በ2005 አሳተመው። የሊጉ ሐኪሞች «ጽሑፉ ይሰረዝ» ብለው ተቃወሙት። በ2016 ግን አንድ የሊጉ ከፍተኛ ኃላፊ በጨዋታውና በሲቲኢ መካከል ግንኙነት እንዳለ በይፋ አመኑ።

«ይሄ የአሜሪካኖቹ ጨዋታ ነው፣ የኛ ኳስ ምን አገናኘው?» ለምትሉ፦ የዌስትብሮም አጥቂ የነበረው ጄፍ አስትል በቴስታ ጎሎቹ ይታወቅ ነበር። እሱም በዚያው በ2002 በ59 ዓመቱ ሞተ። በሕይወት እያለ የተባለው የመርሳት በሽታ ነው። በ2014 አንጎሉ እንደገና ሲመረመር ሲቲኢ ተገኘበት። በ2019 ደግሞ የግላስጎው ተመራማሪዎች የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች በአንጎል መመናመን በሽታዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው 3.5 እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ የአንደኛ ደረጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች በልምምድ ቴስታ እንዳይመቱ መመሪያ አወጣች።

ጤነኛ አንጎልም ይፈለጋል

በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ከተለገሱ 111 የቀድሞ የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች አንጎል በ110ሩ ሲቲኢ አግኝተዋል። ይህ ማለት ግን ከመቶ ተጫዋች 99ኙ ታማሚ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ቤተሰቦች የለገሱት ምልክቱን አስቀድመው ስላዩ ነው። ትክክለኛውን መጠን ለማወቅና በሕይወት እያለን የሚለይ ምርመራ ለማግኘት፣ ምንም ምልክት ያልነበረባቸውና ጭንቅላታቸውን ተመትተው የማያውቁ ሰዎችም መለገስ አለባቸው። ማወዳደሪያ የሌለው ጥናት ግማሽ መልስ ነው።

እንዴት ይለገሳል?

ሐሳቡ ከዓይን ባንክ ብዙም አይርቅም። ሰውየው በሕይወት እያለ ይፈቅዳል፣ ለቤተሰቡ ይነግራል። ከሞተ በኋላ ሳይዘገይ አንጎሉ ይወሰዳል፤ ፊቱ አይበላሽም፣ አስከሬኑም ለቀብር ይመለሳል። ቤተሰብ ደግሞ ስለ ሟቹ ጤንነትና ስለ ደረሰበት ምት ይጠየቃል። አሜሪካ ያላችሁ ልብ በሉ፦ መንጃ ፈቃድ ላይ ያለው የኦርጋን ለጋሽ ምልክት ይህን አያካትትም፣ ለብቻው መመዝገብ ይፈልጋል። ውሳኔው የግል ነው፤ ከቤተሰብና ከሃይማኖት አባት ጋር መመካከር ጥሩ ነው።

ለዛሬ ግን ይህን ያዙ

አንድ ጊዜ ጭንቅላቱን የተመታ ሁሉ ሲቲኢ ይይዘዋል ማለት አይደለም፣ አትደንግጡ። ነገር ግን፦

1. ከምት በኋላ የፈዘዘ፣ ራሱን የሳተ ወይም ግራ የተጋባ ልጅ በዚያው ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ። ሲመለስም ምልክቶቹ ጠፍተው፣ በሐኪም ታይቶ፣ ቀስ በቀስ ይሁን።

2. ተደጋጋሚ ትውከት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ እየጨመረ የሚሄድ እንቅልፍ፣ የንግግር መተሳሰር፣ የእጅ ወይም የእግር መድከም፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ደም ወይም ንጹሕ ፈሳሽ ካያችሁ «ይነጋል» አትበሉ፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል!

3. ሞተር ላይ ሄልሜት አድርጉ፣ ማሰሪያውንም እሰሩት።

እነ ዌብስተርና አስትል ዕድሉን አላገኙም። «ምንም አልሆነም፣ ግባ!» የሚባለው ልጅ ግን ገና አንጎሉን ማዳን ይችላል። ለልጆች አሰልጣኝና ለወላጆች ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

መልካም ጤንነት!