ዳታቤዙን ወደ ክላውድ ማሻገር

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ የኮሌጁን የተማሪዎች መዝገብ ከቢሮው ሰርቨር ወደ ጉግል ክላውድ እንዳሻግር ታዝዣለሁ። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው። በኮማንድ ላይን ሁለት ትዕዛዝ ይበቃል ይሉኛል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ያስገባል። እውነት ነው?

አዛውንቱ፦ ትዕዛዙማ ሁለት ነው። ማይኤስኪውኤል ዳምፕ ዳታቤዙን አንብቦ መልሶ የሚገነባውን የኤስኪውኤል ጽሑፍ በፋይል ያወጣልሻል። ፋይሉን ክላውድ ስቶሬጅ ባኬት ላይ ትጭኚና በጂክላውድ የኢምፖርት ትዕዛዝ ወደ ክላውድ ኤስኪውኤል ታስገቢዋለሽ። ልፋቱ ያለው ግን ከትዕዛዞቹ በፊትና በኋላ ነው። እስቲ ንገሪኝ፤ ስታወጪ የሬጅስትራር ሠራተኞች ሲስተሙን እየተጠቀሙ ነው?

ወጣቷ፦ አዎ፣ የምዝገባ ሳምንት ነው። ላስቆማቸው አልችልም።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ሲንግል ትራንዛክሽን የሚለውን አማራጭ አትርሺ። ካልጻፍሽው ዳምፑ አውጥቶ እስኪጨርስ ቴብሎቹን ይቆልፋል፤ ወረፋ የያዘ ተማሪ ሁሉ ይቆማል። ከጻፍሽው ግን ዳምፑ በጀመረበት ቅጽበት የነበረውን ዳታ ብቻ ያነባል፤ ሥራውም አይስተጓጎልም፣ ክፍያው ገብቶ ምዝገባው የቀረ ተማሪም ፋይሉ ውስጥ አይኖርም። ይህ የሚሠራው የማከማቻ ሞተራቸው ኢኖዲቢ ለሆኑ ቴብሎች ነው። ሲስተማችሁ የቆየ ከሆነ ማይአይሳም የሆነ ቴብል ሊኖረው ይችላልና አስቀድመሽ እዪ። ስቶርድ ፕሮሲጀር ካላችሁ ደግሞ ሩቲንስ የሚለውን ጨምሪ፤ ትሪገሮች በራሳቸው ይወጣሉ፣ ፕሮሲጀሮች ግን ካልጠየቅሻቸው ይቀራሉ። የተማሪ ፎቶ ዳታቤዙ ውስጥ ከተቀመጠ ሄክስ ብሎብ የሚለውንም።

ወጣቷ፦ ፓስወርዱን እዚያው ትዕዛዙ ላይ ልጻፈው?

አዛውንቱ፦ በጭራሽ! በተርሚናሉ ሂስትሪ ውስጥ ይቀራል፣ ከአንቺ በኋላ የሚቀመጠው ሰው ያገኘዋል። ከአንቺ ሌላ ማንም ሊያነበው በማይችል የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ አድርጊው።

ወጣቷ፦ ፋይሉ ትልቅ ስለሚሆን ዳምፑን በቀጥታ ወደ ጂዚፕ ላሳልፈው አስቤያለሁ።

አዛውንቱ፦ ጥሩ አስበሻል፤ ኢንተርኔቱ በሚቆራረጥበት ቦታ ትንሽ ፋይል ይሻላል። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ዳምፑ መሀል ላይ ቢሞት ጂዚፕ እስከዚያ የደረሰውን ጨምቆ በሰላም ይጨርሳል። ሼሉ የሚመለከተው ደግሞ የመጨረሻውን ፕሮግራም ውጤት ነው፤ ስለዚህ «ተሳክቷል» ይልሻል። ስክሪፕትሽ አናት ላይ ፓይፕፌይልን አብሪ። ሲያልቅም የፋይሉን መጨረሻ ገልጠሽ እዪ፤ ዳምፑ መጠናቀቁን ከነቀኑ የሚናገር መስመር ይጽፋል። መስመሩ ከሌለ ፋይሉ ጎዶሎ ነው።

ወጣቷ፦ እንዲህ ያለ ሳይታወቅ የሚያልፍ ስህተት ትልልቆቹንም ይደርስባቸዋል?

አዛውንቱ፦ የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጠው ኩባንያ ጊትላብ የደረሰበትን ራሱ በዝርዝር አሳትሞታል፤ ለዚህ ግልጽነቱ አከብረዋለሁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያ ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር ሰረዘ። በየጊዜው ወደ ኤስ3 ይላካል የተባለውን ባክአፕ ቢፈልጉ ባኬቱ ባዶ ነው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ሆኖ ሳለ ባክአፑን የሚያወጣው ፒጂ ዳምፕ 9.2 ነበርና ከአዲሱ ዳታቤዝ ጋር መነጋገር አልቻለም፤ በሞከረ ቁጥር ይወድቅ ነበር። መውደቁን የሚያሳውቀው ኢሜይልም በተቀባዩ በኩል ውድቅ እየተደረገ ማንም ዘንድ አልደረሰም። የደረሰላቸው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጅ የተነሳ ስናፕሾት ነው። በእነዚያ ሰዓታት መሀል የገባው ዳታ ጠፋ። ባክአፕ አልነበራቸውም ማለት አይቻልም፤ ወጥቶ እንደሆነ የሚያይ፣ መልሶ አስገብቶ የሚሞክር ሰው አልነበረም።

ወጣቷ፦ ፋይሉ ባኬቱ ላይ ደርሷል እንበል። ትናንት በሙከራ ፋይል ኢምፖርት ሳደርግ ፈቃድ የለህም አለኝ። የፕሮጀክቱ ባለቤት ግን እኔ ነኝ።

አዛውንቱ፦ ሁሉም ጀማሪ እዚያ ላይ ይሰናከላል። ፋይሉን ከባኬቱ የሚያነሳው አንቺ አይደለሽም፤ የክላውድ ኤስኪውኤሉ ኢንስታንስ ራሱ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ በእጅሽ ነው፣ እህሉን የሚያወጣው ወዛደር ግን ደጅ ቆሟል። ኢንስታንሱን በዲስክራይብ ትዕዛዝ ብታዪው የራሱ ሰርቪስ አካውንት አለው፤ የባኬቱን ፈቃድ ለዚያ አካውንት ስጪ። ሌላው የሚያስቸግርሽ ዴፋይነር ነው። ቪውና ፕሮሲጀር ማን እንደፈጠራቸው ፋይሉ ላይ ተጽፎ ይመጣል፤ ያ ተጠቃሚ ክላውዱ ላይ የለም፣ ክላውድ ኤስኪውኤልም የሱፐር ሥልጣን ለማንም አይሰጥም፤ ኢምፖርቱ እዚያ ላይ ይቆማል። ዴፋይነሩን ከፋይሉ ውስጥ አስወግጂ፣ ስታወጪም ያንኑ ሥልጣን የሚጠይቀውን የጂቲአይዲ አማራጭ አጥፊው።

ወጣቷ፦ የተማሪዎቹ ስም በአማርኛ ነው። እሱ ያሰጋኛል።

አዛውንቱ፦ ሊያሰጋሽ ይገባል፤ እኔም ከሁሉ በላይ የምፈራው እሱን ነው። ሲስተሙ የተሠራው መቼ ነው?

ወጣቷ፦ በጣም የቆየ ነው፣ በፒኤችፒ። ግን ስሞቹ ስክሪኑ ላይ ደህና ይታያሉ።

አዛውንቱ፦ መታየቱ አያስተማምንሽ። ማይኤስኪውኤል 8.0 እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪወጣ ድረስ ሌላ ካልተባለ የሚይዘው የፊደል ስብስብ ላቲን 1 ነበር። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው። የድሮው ፕሮግራም እነዚያን ሦስት ባይቶች ላቲን ናቸው ብሎ ያስቀምጣል፣ ሲያነብም ላቲን ናቸው ብሎ እንዳሉ ይመልሳል፤ ብራውዘሩ አማርኛ አድርጎ ያሳያቸዋል። ዳምፑ ሲመጣ ግን በቅንነት «ላቲን ከሆኑማ ወደ ዩቲኤፍ 8 ልቀይራቸው» ይላል። ክላውዱ ላይ አንዷ ፊደል ሦስት እንግዳ ምልክት ሆና ታገኛታለሽ።

ወጣቷ፦ አስቀድሜ እንዴት ልወቅ?

አዛውንቱ፦ የቴብሉን ትርጉም እዪ፤ ዓምዱ ላቲን 1 ነው ወይስ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4? ከዚያ ስሙን ራሱን ሳይሆን በሄክስ ፈንክሽን ባይቱን ጠይቂ። «ሰ» ብትሆን ኢ1፣ 88፣ ቢ0 ነው የምትለው። ዓምዱ ላቲን 1 ሆኖ ይህን ካገኘሽ ዳታው ጤነኛ ነው፣ የተሳሳተው መለያው ብቻ ነው። ስታወጪ የፊደል ስብስቡን ላቲን 1 ብለሽ፣ ስኪፕ ሴት ቻርሴት ጨምረሽ አውጪው፤ ባይቶቹ ሳይነኩ ይወጣሉ። ከዚያ ፋይሉ ውስጥ የቴብሎቹን መለያ ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ቀይረሽ አስገቢ። ነገር ግን 3ኤፍ፣ 3ኤፍ፣ 3ኤፍ እያለ ከተደረደረ ያ የጥያቄ ምልክት ነው፤ ስሙ ሲገባ ጀምሮ ጠፍቷል። ያንን ከወረቀት ፎርሙ እንደገና ከመጻፍ ሌላ መንገድ የለም።

ወጣቷ፦ ይህን ካለፍኩ በኋላ ማረጋገጫዬ ምንድን ነው?

አዛውንቱ፦ በመጀመሪያ በሙከራ ኢንስታንስ አስገቢው። ኢምፖርቱ ረጅም ከሆነ ተርሚናሉ መጠበቅ ይሰለቸዋል፤ አሲንክ ብለሽ ልቀቂውና ውጤቱን ከኦፕሬሽኖች ዝርዝር ተከታተዪ። ሲያልቅ የየቴብሉን ረድፍ ሁለቱም ጋ በካውንት ቁጠሪ። ኢንፎርሜሽን ስኪማ ላይ የተጻፈው የረድፍ ብዛት ለኢኖዲቢ ግምት ነው፣ አትቀበዪው። ከዚያ ተማሪዎችን በዕጣ አውጥተሽ ስማቸውን፣ ውጤታቸውን፣ የተመዘገቡበትን ሰዓት ከድሮው ጋር አስተያዪ። ክላውዱ ሰዓቱን በዩቲሲ ስለሚይዝ፣ ካላስተካከልሽው አዲስ የሚመዘገበው ሰዓት ከኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል።

ወጣቷ፦ ሙከራው ካለፈ ዋናውን መቼ ላድርገው?

አዛውንቱ፦ ምዝገባው ካለቀ በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ። ሙከራው ስንት ሰዓት እንደፈጀ ስለምታውቂ ለሬጅስትራሩ ሲስተሙ የሚዘጋበትን ሰዓት አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የድሮውን ዳታቤዝ ሪድ ኦንሊ አድርጊው፣ እንደገና አውጪ፣ እንደገና አስገቢ፣ እንደገና ቁጠሪ። የድሮውን ሰርቨር ቢያንስ ተማሪዎች የሴሚስተሩን ውጤት እስኪያዩ ድረስ አታጥፊው።

ወጣቷ፦ ባኬቱ ላይ ያለው ፋይልስ ይቀመጥ?

አዛውንቱ፦ እሱ ውስጥ የልጆች ስም፣ ስልክ፣ ፎቶና ውጤት በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የኮሌጁ ሕጋዊ ኃላፊነት ነው፤ ዳታው ከአገር ውጭ ባለ ሪጅን ስለሚቀመጥም ከመጀመርሽ በፊት ከሕግ ክፍላችሁ ጋር ተነጋገሪ። ባኬቱ ለሕዝብ ክፍት እንዳይሆን አድርጊ፣ ፋይሉ በተወሰነ ቀን ራሱ እንዲሰረዝ የላይፍሳይክል ደንብ አስቀምጪ፣ ላፕቶፕሽ ላይ የቀረውንም ቅጂ ዛሬውኑ አጥፊ።