ሶድየም ኤሌክትሮኑን በፈቃዱ ይሰጣልን?

ፈተና በቀረበበት ሰሞን ማታ ማታ እየተሰበሰብን ስንጠያየቅ፥ «ሶድየም ከክሎሪን ጋር የሚዋሐደው ስለ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ሁላችንም ባንድ ቃል፥ «ሶድየም በውጭ ያለችውን አንዲት ኤሌክትሮን መስጠት ይፈልጋል፤ ክሎሪንም ስምንት ለመሙላት አንዲት ትጐድለዋለች» ብለን መለስን። ከመካከላችን አንዱ ግን «አቶም ፈቃድ አለውን? ይፈልጋል ማለትስ ምን ማለት ነው?» ቢለን መልስ አጣን። ነገሩን በቃላችን ይዘነው ኖሯል እንጂ አላወቅነውም ነበር። ስለዚህ ሒሳቡን ከሥሩ መመርመር ግድ ሆነብን።

የሶድየም አቶም 11 ኤሌክትሮኖች አሉት። ዐሥሩ በውስጥ ሆነው የኒውክልየሱን ስሕበት ስለሚጋርዱባት፥ ዐሥራ አንደኛይቱ በላላ ኃይል ተይዛ ትኖራለች። ነገር ግን ላልቶ መያዝና መለቀቅ አንድ አይደሉም። በ23 ግራም የሶድየም ትነት ውስጥ ካሉት አቶሞች ሁሉ አንዳንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎጁል ጉልበት መክፈል ያስፈልጋል። ተቀባዩ ክሎሪን የሚመልሰው ግን 349 ብቻ ነው። በነጋዴ ቋንቋ 147 ከሰርን ማለት ነው። ኪሳራው በዚህም አያበቃም፤ ጠጣሩን ሶድየም ወደ ትነት ለመለወጥ 107፥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚኖሩትን የክሎሪን አቶሞች ለመለያየት ደግሞ 121 ይወጣል። ጠቅላላ ዕዳው 375 ኪሎጁል ሆነ። እንግዲህ «ይፈልጋል» ያልነው ሶድየም፥ ካልተገደደ በቀር የሚሰጥ አይደለም።

ታዲያ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? ክሪስታሉ ነው። ኤሌክትሮን ያጣው ሶድየም ፖዚቲቭ አዮን፥ ያገኘው ክሎሪን ነጋቲቭ አዮን ይሆናል። እያንዳንዱ ሶድየም በ6 ክሎሪኖች፥ እያንዳንዱም ክሎሪን በ6 ሶድየሞች ተከቦ ሲደረደር 787 ኪሎጁል ይለቀቃል። ዕዳው ተከፍሎ ከ410 የሚበልጥ ትርፍ ይቀራል። ሶድየም በክሎሪን ውስጥ ሲነድ የምናየው ብርሃንና ሙቀት የሚመጣው ከዚሁ ትርፍ ነው። ሁለተኛ ኤሌክትሮን የማይወጣውም ስምንት የሚባለው ቁጥር የተቀደሰ ሆኖ ሳይሆን፥ ዋጋዋ 4,562 ስለሆነና ይህን የሚከፍል ክሪስታል ስለማይገኝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1913 ሎሬንስ ብራግ ጨውን በኤክስሬይ መርምሮ፥ በክሪስታሉ ውስጥ «ይህ ሶድየም የዚያ ክሎሪን ብቻ ነው» የሚባል ጥንድ አለመኖሩን አሳየ። ይህ ለብዙዎች አልተዋጠላቸውም ነበር፤ አዛውንቱ እንግሊዛዊ ኬሚስት ሄንሪ አርምስትሮንግ በ1927 እንኳ «ኔቸር» በሚባለው መጽሔት ተቃውሞውን ጽፏል። እኛም አንፈርድበትም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለቱ ስሞች ተጣብቀው ሲጻፉ ላየ ሰው ባልና ሚስት ይመስሉታልና።

አፋር በረሓ ላይ ተቆርጦ በግመል ሲጫን የኖረው አሞሌም በውስጡ ሥርዐቱ ይኸው ነው። የጨው ቅንጣት ስትመታ ለምን እንደማትለጠጥም ከዚህ ይገኛል። አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ጥቂት ቢንሸራተት ፖዚቲቩ ከፖዚቲቭ፥ ነጋቲቩም ከነጋቲቭ ፊት ለፊት ስለሚገናኝ ይገፋፋሉ፤ ቅንጣቷም ትሰነጠቃለች።

ሰም ግን ከዚህ የተለየ ነው። በሰም ሞሌኩል ውስጥ ካርቦንና ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኖቻቸውን በጋራ ይዘዋል፤ ማሰሪያውም ብርቱ ነው። ሞሌኩልን ከሞሌኩል የሚያያይዘው ኃይል ግን ደካማ ስለሆነ በሻማ ነበልባል ይቀልጣል። ሲቀልጥ የሚላቀቁት ሞሌኩሎቹ እንጂ አቶሞቹ አይደሉም። (ይህን የሚያምታታ ብዙ ነው፤ እኛም አምታተነዋል።) ጨውን ለማቅለጥ ግን 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋል።

ያ ጠያቂ ጓደኛችን ይህን ሰምቶ ዝም አላለም። «እሳት በ801 ዲግሪ የሚያቀልጠውን፥ ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ውስጥ እንዴት ያሟሟዋል?» አለ። በውሃ ሞሌኩል ውስጥ ኦክሲጅን የጋራዎቹን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ ስለሚስብ ባንድ ወገን ነጋቲቭ፥ በሌላው ፖዚቲቭ ይሆናል። ስለዚህ የውሃ ሞሌኩሎች እያንዳንዱን አዮን ከበው ከ787ቱ ዕዳ ከ4 ኪሎጁል የማይበልጥ ብቻ ሲቀር ሌላውን ሁሉ ይከፍላሉ። የጐደለችውን ጥቂቷን ውሃው ከራሱ ሙቀት ያወጣል። ቴርሞሜትር ያገኘ ሰው አንድ ማንኪያ ጨው በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አማስሎ መቀዝቀዙን ይመልከት።