ጉልበት ሲጎዳ፦ ከዕረፍቱ በኋላ የሚሠራ ሥራ

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ ጉልበት ነው። እዚህ ካኩማ ጉልበቱ የተጎዳ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ሲያደርግ አያለሁ። ወይ ወራት ሙሉ ይተኛል፤ ወይ እብጠቱ ሳይጎድል ኳስ ሜዳ ይገባል። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን አድርጌዋለሁ። ስነሣ ሕመሙ ቀንሷል፤ ጭኔ ግን ከሌላው ቀጥኖ፣ ጀሪካን ይዤ ስራመድ ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር።

የጭንና የቅልጥም አጥንት በሚገናኙበት ቦታ ሁለት ዓይነት ልም አጥንት (ካርቲሌጅ) አለ። አንደኛው የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው ለስላሳ ልባስ ነው። ሁለተኛው ሜኒስከስ ይባላል፤ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተሠሩ ሁለት ትራሶች ናቸው፣ አንዱ በውስጥ፣ አንዱ በውጭ በኩል። እግር መሬት ላይ እንደተተከለ ሰውነት ሲዞር የሚቀደደው ብዙውን ጊዜ ይኸው ሜኒስከስ ነው። እንደ ቆዳ ቁስል ቶሎ የማይድነው ደም የሚደርሰው ወደ ውጭኛው ጠርዙ ብቻ ስለሆነ ነው። ለስላሳው ልባስ ደግሞ ጭራሹን የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹም እንደ ስፖንጅ የሚገባውና የሚወጣው ጉልበት ሲጫንና ሲለቀቅ ነው። ስለዚህ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ጉልበት ይራባል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ግን ዕረፍት ይገባል። እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ ይበቃል። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ ሆኖም የተቀደደ ሜኒስከስ በእሽት ቦታው አይመለስም። ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ በተጎዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በጣም ካበጠ፣ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻላችሁ፣ ከትኩሳት ጋር ከቀላና ከጋለ፣ ወይም ባት ካበጠ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሳትጀምሩ ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

እብጠቱ ሲጎድል ሥራው በጭን ፊት ባለው ጡንቻ ይጀምራል፤ ጉልበትን የሚደግፈው እርሱ ነውና። ምንጣፍ ላይ ተኝታችሁ ከጉልበታችሁ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ አድርጉ። ጨርቁን በጉልበታችሁ ወደ መሬት ተጫኑት፤ እስከ አምስት ቆጥራችሁ ልቀቁ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ ጤነኛውን እግር አጥፋችሁ፣ የታመመውን ቀጥ እንዳለ አንድ ክንድ ያህል አንሡ፤ አምስት ቆጥራችሁ በቀስታ መልሱት። ይህ ሲቀል የአንድ ሊትር ጠርሙስ ውኃ ሞልታችሁ ቁርጭምጭሚት ላይ እሰሩ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልግም፤ ግማሽ ኪሎ የፈለገ ግማሹን ይሙላ። ለመተጣጠፊያም ተረከዝን ምንጣፉ ላይ እያንሸራተቱ ወደ መቀመጫ መሳብ ጥሩ ነው። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ የቤቱን ምሰሶ ይዞ በአንድ እግር መቆም ይጨመራል።

ሲሠሩ ትንሽ ቢያም አያስፈራም። በማግስቱ ጠዋት እብጠቱ ከጨመረ ግን ሥራውን በግማሽ ቀንሱ።

«ይህ የድሃ ሕክምና ነው» የሚል አይጠፋም። በኖርዌይ ሜኒስከሳቸው በዕድሜ ምክንያት የተቀደደ 140 ሰዎች፣ ግማሾቹ በቀዶ ጥገና፣ ግማሾቹ በ12 ሳምንት እንቅስቃሴ ታክመው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም፤ ውጤቱ የታተመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። እንቅስቃሴ ከደረሳቸው ከአምስት አንድ ያህሉ ግን በኋላ ቀዶ ጥገና አስፈልጓቸዋል። በድንገት ተቀዶ ለተቆለፈ የወጣት ጉልበትም ይህ ጥናት አይሠራም።

እስከዚያው ሽንት ቤት ስትቀመጡ የምትይዙት ገመድ ወይም እንጨት አብጁ፤ በጥልቀት መታጠፍ የሜኒስከሱን የኋላ ክፍል ይጨፈልቃል። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን በግማሽ እየሞላችሁ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። የሚሰግዱም ለጊዜው ወንበር ላይ ሆነው ቢሰግዱ ይሻላል።

ኳስ መቼ? ክር ውሰዱ። ከጉልበት ሎሚ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ለክታችሁ፣ በዚያ ቦታ የሁለቱን ጭኖች ዙሪያ በክሩ ለኩና ቋጠሮ አስሩ። በየ15 ቀኑ ድገሙት። ሁለቱ ቋጠሮዎች ሳይቀራረቡ ወደ ሜዳ አትመለሱ።