ያገለገለ ላንድ ክሩዘር፤ የመግዣው ዋጋና የመያዣው ወጪ

መኪና ለነጋዴ እንደ ሚዛንና እንደ መጋዘን ሁሉ የሥራ መሣሪያ ነው። ከጉንደ ወይን ተነሥቶ በአንድ ወገን ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር፣ በሌላ ወገን በደብረ ወርቅ፣ በቢቸናና በደጀን አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ጠንካራ መኪና ቢመኝ አይፈረድበትም። በአገራችን ለዚህ ተግባር ስሙ አስቀድሞ የሚጠራው ላንድ ክሩዘር ነው። ይሁን እንጂ አዲሱን ለመግዛት ዐቅም ያለን ጥቂቶች ስለሆንን፣ ብዙዎቻችን የምንገዛው ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለውን ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማም መኪናው ከተገዛ በኋላ የሚመጣውን ወጪ አስቀድመን እንድናሰላ ማሳሰብ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዋጋው እንናገር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎች እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን ከባድ ታክስ እንዲከፈልባቸው አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቀ። ከዚህ የተነሣ ቀድሞ የገቡት መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወሩ ዕድሜያቸው ሲጨምር ዋጋቸው አልወረደም። ስለዚህ ሻጩ ብዙ ገንዘብ መጠየቁ መኪናው ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ይህን ለማስረዳት በንግድ ቤታችን የደረሰውን ልጥቀስ። የቤቱ ባለቤት ከአዲስ አበባ አንድ ያገለገለ መኪና ገዙ። ሞተሩ ታጥቦ ያብረቀርቅ ነበርና ሁላችንም ተደሰትን። ነገር ግን መኪናው ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ የዐባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ውሃው ፈላ። ሾፌሩ ውሃ እየጨመረ ጉዞውን ስለ ቀጠለ ቴስታታው ተሰነጠቀ። ለጥገና የወጣው ገንዘብ በታኅሣሥ ነጭ ጤፍ ልንገዛበት ያስቀመጥነው ነበር። በዚያ ዓመት ጤፉን ሌሎች ገዙት፤ እኛም የጋራዥ ደረሰኝ መዝገብ ላይ ስናሰፍር ከረምን። በኋላ ሲመረመር የጥፋቱ መነሻ ያረጀ የራዲያተር ክዳን ሆኖ ተገኘ።

አንባቢ ሆይ፤ ትንሽ ክዳን ይህን ያህል የሚጎዳው ስለ ምንድር ነው ቢሉ፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ግድም ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግን እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውሃው ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ይህ ጥቅም ይጠፋል። በደጋ ለሚኖር ሰው ክዳኑን፣ የራዲያተሩን ንጽሕና፣ የውሃውን ፖምፓና ቬንቲላተሩን መመርመር ከሁሉ ይቀድማል። ውሃው ከፈላም ሞተሩን አጥፍቶ እስኪበርድ መጠበቅ ነው እንጂ፣ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ አይገባም።

ከግዢ በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ሌሎች ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ ሞተሩ ሌሊቱን ያደረ፣ ጧት ያልተነሣ ይሁን። ሻጩ አስቀድሞ ካሞቀው ብዙ ሕመም ይሸሸጋል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት መቃጠሉን፣ ጥቁር ጢስ ናፍጣው ከአየሩ መብዛቱን፣ የማይቆም ነጭ ጢስ ደግሞ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሞተሩ የገባ ውሃ መኖሩን ያመለክታል። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ጥቂት ጥቁር ጢስ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ዳገት በሌለበት ቢበዛ ግን የናፍጣው ፖምፓና ኖዝሎቹ ይመርመሩ።

ሁለተኛ፤ በአገራችን በብዛት የሚገኘው ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የታይሚንግ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ አለበት። ቺንጋው በመንገድ ላይ ቢበጠስ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ይጋጫሉ፤ ጥፋቱም ከቺንጋው ዋጋ እጅግ ይበልጣል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ የተለወጠበት ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተለወጠ ቆጥሮ ማስለወጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ሙሉ የፊት አክስል ባላቸው ሞዴሎች ከፊት ጎማ በስተ ውስጥ የሚታየው ክብ ብረት ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጎሚኒው አልቋል ማለት ነው። የዲፈረንሲያሉ ዘይት ከግራሶው ጋር ተደባልቆ ኩሽኔታውን ይበላል።

አራተኛ፤ የፍሬን ዘይት እያደር ውሃ ይስባል። መኪናው ተጭኖ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ዘይቱ ከጋለ ፍሬኑ ይከዳል። በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ፤ ቁልቁለትም በከባድ ማርሽ ይወረድ።

አምስተኛ፤ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑ ይረጋገጥ። ሻንሲው ዝገትና የብየዳ ጠባሳ እንዳለበትም ከሥር ገብቶ ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። መኪናው በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ደኅና ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቢፈጅ በዓመት 2,400 ሊትር ይሆናል፤ የደከመ ሞተር 15 ሊትር ቢፈጅ 3,000 ሊትር ይደርሳል። የ600 ሊትሩ ልዩነት በየዓመቱ ከካዝና ይወጣል። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ መቀነስ ስለ ጀመረ፣ ይህ ልዩነት እንደ ቀድሞው የሚናቅ አይደለም። የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አሥር ሊትር ያህል ቢለወጥ በዓመት 40 ሊትር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ግብይት በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋም ከፍ ብሏል።

ስለዚህ ለመኪናው ለብቻው መዝገብ ይከፈትለት። በአንዱ ዓምድ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድንና የሾፌር ደመወዝ ይስፈሩ፤ እነዚህ መኪናው ቢቆምም አይቀሩም። በሁለተኛው ናፍጣ፣ ዘይት፣ ፊልትሮና ጎማ ይጻፉ። በሦስተኛው ለድንገተኛ ብልሽት በየወሩ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ይግባ። በእኔ አስተያየት፣ ከመግዣው ገንዘብ ቢያንስ አንድ አሥረኛው ለመጀመሪያው ጥገና ሳይነካ መቆየት አለበት። ይህን ማስቀመጥ የማይችል ሰው መኪናውን መግዛት ችሏል ለማለት ያስቸግራል።

በዓመቱ መጨረሻ የሦስቱ ዓምድ ድምር ለተሄደው ኪሎ ሜትር ይካፈል። የተገኘው ሒሳብ ለአይሱዙ ኪራይና ለአውቶቡስ ከሚከፈለው ጋር ይነጻጸር። ላንድ ክሩዘር የእህል መኪና ስላልሆነ፣ በወር አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለሚሄድ ነጋዴ መከራየቱ ሊሻል ይችላል። በየሳምንቱ ገጠር ለገጠር ለሚዞር ግን መኪናው ወጪውን ይሸፍን ይሆናል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ነጋዴም የራዲያተር ክዳን በጊዜው ከለወጠ፣ ለጤፍ መግዣ ያስቀመጠው ገንዘብ ለጤፍ ይውላል።